የኔታ ምክር ቤት ቢገቡስ?

ጥያቄ፦ በጽዋ ማኅበራችን ላይ ክርክር ተነሣ። ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እዚያ ጳጳሳት ሳይመረጡ ምክር ቤት ይቀመጣሉ ይላል። በአገራዊ ምክክሩ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ከተባለ፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሃይማኖት አባቶች ወንበር መስጠት ይቻላል? የቅኔ መምህራችን የኔታ ራሳቸው ለምርጫ ቢወዳደሩስ? (ከደብረ ኤልያስ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ የአክስትዎ ልጅ አልተሳሳተም። የሎርዶች ምክር ቤት በሚባለው ላይኛው ምክር ቤታቸው 26 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ይቀመጣሉ። የካንተርበሪ፣ የዮርክ፣ የለንደን፣ የደርሃምና የዊንቸስተር ጳጳሳት ወንበር ከሹመታቸው ጋር ይመጣል። የቀሩት በአብዛኛው በሹመት ቅድምና ይገባሉ። ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኒቱ እዚያ በሕግ የመንግሥት ሃይማኖት ናት። ጭቅጭቁ ግን አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ኮሚሽን ወንበሩ ለሌሎች እምነቶችም ይዳረስ አለ፤ በ2012 የቀረበ ረቂቅ ሕግ ደግሞ ጳጳሳቱን ወደ 12 ሊያወርድ ነበር። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀሩ።

እኛም ዘንድ ነበረ እኮ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፣ ሊቀ ጳጳሱን የዘውድ ምክር ቤት አባል አድርጎ ነበር።

የ1987ቱ ይህን በር ዘግቷል። አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበርም በአንቀጽ 61 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። ስለዚህ አንድ አዋጅ አውጥቶ ወንበር መጨመር አይቻልም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ መሻሻል አለበት። ለዚህም በአንቀጽ 105 የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ምክክር ኮሚሽኑ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ይህን ማለፍ አይችልም።

ይሻሻል ቢባል እንኳ እኔ አልደግፈውም። ለኦርቶዶክስ ስንት ወንበር? ለእስልምናስ? ለፕሮቴስታንቱ፣ ለካቶሊኩ? ቆጥሮ የሚያድለው መንግሥት ነው። ወንበር የሚያድል ደግሞ ማን እንደሚቀመጥበት ማየት ይፈልጋል። አንድ ቀን የሲኖዶሱንና የመጅሊሱን ስም ዝርዝር ቢሮ ቁጭ ብሎ ሲያርም ታገኙታላችሁ።

የየኔታ ጉዳይ ሌላ ነው። እሳቸው በግላቸው ዜጋ ናቸው፤ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት ይሰጣቸዋል። የሚመረጡት ግን በሰዎች ድምፅ ነው እንጂ በካባቸው አይደለም። ቅስቀሳቸውንም ዐውደ ምሕረት ላይ ማድረግ አይችሉም፤ የምርጫ ሕጉ በአምልኮ ቦታ ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያን ትፈቅድላቸዋለች ወይ የሚለው የእኔ ሙያ አይደለም፤ ሀገረ ስብከቱን ይጠይቁ።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። የሁለት ወንድማማቾች የወሰን ክርክር ይዤ ነበር። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ የንስሐ አባታቸው መጡ። ጠበቆቹን ዞር በሉ አሉን። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ግራር ጥላ ላይ፣ መስቀላቸውን ይዘው ግማሽ ቀን አስቀመጧቸው። ከሰዓት በኋላ ወንድማማቾቹ ተላቅሰው ተመለሱ። የእርቁን ስምምነት ጽፈን አስገባን፤ ዳኛው መዝግበው መዝገቡን ዘጉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። እኚያ አባት የአንድ ፓርቲ እጩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሌላውን ፓርቲ የሚደግፈው ወንድም ግራሩ ሥር የሚቀመጥላቸው አይመስለኝም።

አባቶች በሕግ ረቂቅ ላይ ሐሳብ ካላቸው መንገዱ ክፍት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች በረቂቆች ላይ ሕዝባዊ ውይይት ይጠራሉ፤ በአካል መናገርም በጽሑፍ ማስገባትም ይቻላል። የኔታ ግን ልባቸው ለመወዳደር ከቆረጠ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ የምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ሄደው የእጩነት መስፈርቱን ይጠይቁ። በግል የሚወዳደር ሰው የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለበትና ጊዜ ይፈልጋል።