ልሙጥ ወይስ ሸካራ? ለቡና ማሳ ገጀራ የሚሆን እጀታ

ጥያቄ፦ «ጎማ ወረዳ ውስጥ ቡና አለኝ፤ ከአጋሮ ብዙም አይርቅም። ክረምት ሲገባ ለምንጣሮ የምንይዘው ገጀራ እጀታው ከእጅ ያመልጣል። ባለፈው ሐምሌ ከልጄ እጅ ሾልኮ ሄዶ የቡና ግንድ ላይ ተሰካ፤ አላህ አተረፈን። ሰሞኑን ጅማ ገበያ ወጥቼ አንድ ነጋዴ ጥቁር ፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ ጥርስ ጥርስ የወጣበት ገጀራ አሳየኝ። ‹ይሄ በዝናብም አያመልጥም› አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ግን እንደዚህ ያለውን ይዞ ግማሽ ቀን ሳይሠራ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። የቱን ልግዛ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ነጋዴው አልዋሸዎትም፤ የጎረቤትዎ ልጅም አልተሞላቀቀም። ሸካራ እጀታ የረጠበ እጅ ላይ በደንብ ይይዛል። ግን ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ያው ጥርስ፣ ገጀራው በተወነጨፈ ቁጥር ቆዳውን እየጎተተ ይልጠዋል። አንድ ሁለት ግንድ ቆርጦ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ አይታወቀውም። ምንጣሮ ላይ ግን ክንድ ከጠዋት እስከ ማታ ያለማቋረጥ ይመላለሳል፤ መዳፍ የሚቆስለውም በጉልበቱ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎ። ዋናው ሥራዎ የቡና ምንጣሮ ከሆነ ልሙጥ የእንጨት እጀታ ያለውን ይግዙ፤ ነገር ግን ከሱቅ እንደወጣ አይሥሩበት። ልጅዎን ያስደነገጠው እንጨቱ ሳይሆን የተቀባው ቫርኒሽ ይመስለኛል። ገበያ ላይ የሚያብለጨልጨው እጀታ ለዓይን ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ውሃው የሚገባበት ስለሌለው በመዳፍና በቫርኒሹ መሐል ይቀመጥና ያንሸራትታል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ላብ እንደዚያው ያደርጋል። የተገፈፈ ባዶ እንጨት ግን እርጥበቱን በመጠኑ ይመጥጣል፤ ላዩ ላይ ያሉት ደቃቅ ቃጫዎች ቆዳን ሳይልጡ ይይዛሉ። አስፈላጊ ሲሆንም እጀታው በመዳፍ ውስጥ ትንሽ እንዲዞር ይፈቅዳል። ጥሩ መንጣሪ ገጀራውን ሲያነሳ ላላ አድርጎ፣ አረሙን ሊነካ ሲል ጨበጥ አድርጎ ነው የሚሠራው። ጥርሳሙ እጀታ ይህን መላላትና መጥበቅ አይወደውም።

ቫርኒሹን ማንሳት ከባድ አይደለም። የስባሪ ጠርሙስ ጠርዝ ይዘው (በጨርቅ ጠቅልለው እንጂ በባዶ እጅ አይደለም) የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይፋቁት። ብልጭታው ጠፍቶ ነጣ ያለው እንጨት ሲታይ በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያበዛዋል፤ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ አይሹት። ጣትዎን ሲያሳልፉበት ስንጥር እንዳይኖረው፣ ግን ፍጹም ሙልጭ እንዳይል አድርገው ይተዉት። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተው ትንሽ ቆይተው ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። የተልባ ዘይት እየቆየ እንጨቱ ውስጥ ይደርቃል፤ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው በበጋ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር የሚሠራ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደግሙት ውሃ እየጠጣ ከመሰንጠቅ ይድናል።

የፓልም ዘይት አይሆንም፤ አይደርቅምና ሁልጊዜ ያዳልጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። እንጨት ከምስጥ ይጠብቃል ይላሉ፤ የአጥር እንጨት ይሁንላቸው እንጂ ቀኑን ሙሉ በላብ በራሰ መዳፍ የሚያዝ ነገር ላይ እኔ አልመክርም። በተልባ ዘይት የተነከረውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ተጨምቆ ከተቀመጠ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት።

ሸካራውንም ጨርሼ አላጣጣልኩትም። ዝናብ እየወረደ ማገዶ መፍለጥ፣ የወደቀ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ መከርከም፣ ጭቃ በበዛበት ቦይ ዳር መሥራት ካለብዎት ይጠቅማል፤ ሥራው አጭር፣ ምቱ ከባድ ነውና። ልዩነቱ በሸካራነቱ ዓይነት ላይ ነው። ጫፉ ሹል የሆነ ጥርስ ይቆርጣል። ሰፋ ያለና ጥልቀት የሌለው ሸንተረር ይሻላል። ለስላሳ ጎማ የለበሰው ደግሞ ያለ ጥርስ ይይዛል፤ ሆኖም ፀሐይና ነዳጅ ሲነካው ከጊዜ በኋላ ይሟሟና እጅ ላይ ይጣበቃል። ገበያ ላይ ለመለየት እጀታውን አጥብቀው ጨብጠው እስከ 20 ይቁጠሩና መዳፍዎን ገልብጠው ይዩ። የጥርሱ ቅርጽ ቀልቶ ከታተመ ምንጣሮ ላይ የሚያደርሰው ነገር ያ ነው። ነጋዴውንም ጥቂት ውሃ ይጠይቁት፤ እጅዎን አርሰው ሁለቱንም እጀታ ይሞክሩ። በደረቅ እጅ ተሞክሮ የተገዛ ገጀራ ነው ክረምት ላይ ጉድ የሚሠራው።

ጥርሳሙን አስቀድመው ገዝተው ከሆነም አይጣሉት። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መዳፍ የሚያርፍበትን ጎን ብቻ የጥርሶቹን ጫፍ ይግደሉለት። ጣቶች ጠምዝዘው የሚይዙበትን ጎን እንዳለ ይተዉት። መዳፍ ይንሸራተታል፣ ጣት ይይዛል፤ ለእጅ የሚስማማው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ከልሙጥና ከሸካራም በላይ ወደምቆጥረው ነገር ልግባ፤ ቅርጹ። ገጀራ ከእጅ የሚወጣው ወደፊት ነው፣ በመወንጨፉ ኃይል። የእጀታው መጨረሻ በትንሿ ጣት በኩል ወደ ታች ቀልበስ ያለ ወይም ወፈር ያለ ከሆነ፣ እጅ ቢረጥብም ትንሿ ጣት ታስቀረዋለች። መጨረሻው ቀጥ ያለ እንደ ዱላ የሆነ እጀታ ግን ጥርስ ቢኖረውም ያመልጣል። ውፍረቱን ደግሞ በልጅዎ እጅ ይለኩ፤ የሚሠራበት እሱ ከሆነ። ሲጨብጠው የመሐል ጣቱ ጫፍ የአውራ ጣቱን ሥር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ልክ ነው። በጣም ከወፈረ ክንድ ይዝላል፤ ከቀጠነ ስለቱ በመዳፍ ውስጥ እየዞረ በጎኑ ይመታል። ድፍን ክብ የሆነውን ትተው ሞላላውን ይምረጡ፤ ሞላላ እጀታ ስለቱ በየት በኩል እንዳለ ሳያዩ እጅ ያውቀዋል።

ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መዝለቁንም ይዩ። የእንጨት እጀታ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ ሁለቱ እንጨቶች ብረቱን መሐል አድርገው በሪቬት ተይዘዋል። ፕላስቲኩ ግን ብረቱን ጠቅልሎ ስለሚደብቀው አጭር ይሁን ረጅም አይታወቅም። በመዳፍዎ ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ የሚንቀጫቀጥ ወይም ክፍተት ያለው እጀታ ቆዳ ይቆነጥጣል፣ አንድ ቀንም ይለቃል። ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ እጀታ ይዞ ማሳ መግባት የለም።

ካላማዳሪ ቆርጦ እጀታ ላይ መጠምጠም በየቀበሌው የተለመደ ነው፤ ለክረምት መጥፎ መላ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ይይዛል፣ ጥርስም የለው። ሁለት ነገር ብቻ። ጥምጥሙ ተደራርቦ እጀታውን እንዳያወፍረው፤ ክረምቱ ሲያልቅም ይፍቱት። ጎማው ሥር የገባው ውሃና ላብ አይወጣም፤ ብረቱን በዝገት፣ እንጨቱን በብስባሽ ይበላዋል፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል።

ሰው ብዙም የማያነሳው ሌላ ነገር አለ፤ በሽታ። ቡናን ከነነፍሱ የሚያደርቀው የቡና አድርቅ በሽታ በአገራችን መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሚያመጣው ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ሲሆን፣ ግንድ ውስጥ የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ቁስሉን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርሰው እኛው በገጀራ ነን። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ገጀራ የተሰካበትን ያን ቡና በቅርብ ይከታተሉት። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ በአንድ ወገን ጠውልጎ መርገፍ ከጀመረ፣ ቅርፊቱን ላጥ አድርገው ሲያዩት ከሥሩ ያለው እንጨት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ካደላ፣ ነቅለው እዚያው ባለበት ያቃጥሉት። እየጎተቱ በማሳው መሐል አያሳልፉት። ከእንግዲህም በየግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ያለውን አረም በገጀራ ሳይሆን በእጅ ያስነቅሉ። የጉልበት ወጪ ይጨምራል፤ ቢሆንም አንድ ቡና ተክሎ ፍሬ እስኪይዝ 3 እና 4 ዓመት መጠበቅ አለ።

በዚህ በኩል ልሙጡ እጀታ ይመረጣል። በሽታውን በዋናነት የሚሸከመው ስለቱ ነው፤ ነገር ግን ጭማቂና አፈር በጥርሶቹ መሐል ገብቶ የደረቀበትን እጀታ ማጽዳት ራስ ምታት ነው። ጓሮዎ እንሰት ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚችው አገራችን ለዓለም የተዋወቀው፣ ዛንቶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ከእንሰት ወደ እንሰት በቢላና በገጀራ ይጋባል። የእንሰቱን መሣሪያ ከቡናው ይለዩት። የታመመ ከነኩ በኋላ መጀመሪያ ጭማቂውን በውሃና በሳሙና ያጥቡ፤ ቆሻሻ ካለበት በረኪና አይሠራምና። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ5 እጅ ውሃ በጥብጠው ስለቱንም እጀታውንም ይዘፍዝፉ፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው አድርቀው ብረቱን ዘይት ያስነኩት፣ በረኪና ያዝጋልና። በእሳት የሚያጸዱ ከሆነ ስለቱን ብቻ ያሙቁ፤ እስኪቀላ ከቆየ ብረቱ ይለሰልስና ስለት አይይዝም።

ስለ ስለቱ ካነሳን፣ የደነዘ ገጀራ የትኛውም እጀታ አያድነውም። ሳይቆርጥ ሲቀር ሰው አጥብቆ ይጨብጣል፣ በኃይል ይመታል፣ እጁም ያኔ ነው የሚላጠው። ሞረድ ይዘው ማሳ ይውረዱ፤ በየዕረፍቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነኩት። ያረጀ ቡና ጉንደላ ግን የገጀራ ሥራ አይደለም፤ ከለቀማ በኋላ በደረቁ ወቅት፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር አዘንብለው በመጋዝ ይቁረጡ።

እጀታው ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ ገመድ አስገብቶ እጅ አንጓ ላይ የሚያስሩ አሉ። እኔ አልወደውም። ገጀራው ካመለጠ ሩቅ አይሄድም፤ ተመልሶ ወደ ባለቤቱ እግር ይመጣል እንጂ። ከዚያ ይልቅ በሁለት ሠራተኞች መሐል የአንዱ ገጀራ ሌላው ጋ የማይደርስበት ሰፊ ርቀት ይኑር፤ ፊት ለፊት ተያይተውም አይመንጥሩ። ሰው ከተቆረጠ ቁስሉን በቡና ዱቄት ሞልቶ ማሳ መዋል ይቅር፤ ንጹሕ ጨርቅ አስረው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ይጠይቁ።

እጀታው ሲሰበርም አዲስ ገጀራ መግዛት የለብዎትም፤ ብረቱ ደህና ከሆነ እንጨቱን ያስቀይሩ። ወይራ ካገኙ እሱን፣ ካጡ ክትክታ። ዋንዛ ለሣጥንና ለወንበር ያምራል እንጂ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። እንጨቱ ጥላ ውስጥ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ በርጥቡ የተገጠመ እጀታ ሲደርቅ ይጠብና ከሪቬቱ ላይ ይላላል። የእንጨቱ መስመርም ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሄደ መሆኑን ከመግጠሙ በፊት ለአናጢው ያሳዩት።