የሌንስህን ሴሪያል ቁጥር ከማመንህ በፊት ሌንሱን ገልብጠህ እየው

ወንድሜ፣ «የሰበሰብኳቸው አሮጌ ሌንሶች መቼ እንደተሠሩ ከሴሪያል ቁጥራቸው ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ቁጥሩን ስታስገባለት ዓመቱን የሚያወጣ ድረ ገጽ አለ ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁት። ከስር «ጉግል አታደርግም?» ብለው የመለሱልህን ተዋቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ በደንብ ተንገላትቻለሁ፣ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም። የየትኛው ፋብሪካ ሌንሶች እንደሆኑ አልጻፍክም። ግን አሮጌ ሌንስ መሰብሰብ የጀመረ ሰው እጅ የሚገባው ያው እንደኔው ሄሊዮስ፣ ቪቪታር፣ ታኩማር፣ አንድ ሁለት ካኖንና ኒኮን ነው፤ እነሱን ይዤ ልቀጥል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሰንጠረዥ የለም። ፋብሪካዎቹ ቁጥር ሲሰጡ ለራሳቸው መዝገብ ብለው እንጂ ከስንት ዘመን በኋላ ለምንገዛው ለእኔና ለአንተ አስበው አይደለም። አንዱ ዓመቱን እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሌላው ከሴሪያል ቁጥሩ ለይቶ ሌንሱ ጀርባ ላይ ያትመዋል፣ ሌላው ጭራሹን አይጽፈውም።

1. ሄሊዮስ። ቀላሉ እሱ ነው። የሶቪየት ሌንሶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ይናገራሉ፤ በ78 ከጀመረ 1978፣ በ83 ከጀመረ 1983። በ0 የሚጀምሩት የጥንቶቹ ብርማ ሌንሶች በዚህ ስሌት አይሄዱም። ከነወረቀቱ ካገኘኸው ደግሞ እሰየው፤ ሶቪየቶች «ፓስፖርት» የሚሉት ወረቀት ላይ ቀኑ በማኅተም ተመቶ ታገኘዋለህ።

ጣጣው ቁጥሩ ያለበት ቦታ ነው። የተቀረጸው ከፊት፣ መስታወቱን በከበበው ቀጭን ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ደግሞ በጥርስ የገባ ስለሆነ ጎማ ነገር ተጭነህ ብታዞረው ወልቆ እጅህ ላይ ይቀራል። ጠጋኞች ፊቱ የተጫረ ሌንስ ሲመጣላቸው ከሌላ የሞተ ሌንስ መስታወት አውጥተው ይተክሉለታል፣ ቀለበቱም አብሮ ይዛወራል። ተንኮል ላይኖረው ይችላል። እኔ ላይ የደረሰው ግን ነበረው። ሻጩ «44-2 የሚባለው የሄሊዮስ ሞዴል ነው፣ የ70ዎቹ መጀመሪያ» ብሎ የቀለበቱን ፎቶ ከዚህም ከዚያም አንስቶ ላከልኝ። የጀርባውን ላክልኝ ስለው «ጀርባው ያው ነው» አለኝ፤ ደጋግሜ ብወተውተውም ጆሮ ዳባ ልበስ። ዕቃው ሲመጣ ከኋላው እንደ ስፒል ራስ ያለች ተገፊ ፒን አለችው፣ ጎኑ ላይ አውቶማቲክና በእጅ የሚል መቀያየሪያ አለው። 44-2 ፒንም መቀያየሪያም የለውም፤ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) በሁለት ቀለበት በእጅህ ነው የምታስተካክለው። ማለትም አካሉ 44ኤም የሚባለው ሌላ ሞዴል፣ ስሙና ቁጥሩ የሌላ ሌንስ። ገንዘቤን ለማስመለስ ያየሁትን አበሳ ልተወው።

ስለዚህ ሄሊዮስህን ስታይ ምላጮቹንም (ቀዳዳውን የሚያጠቡትንና የሚያሰፉትን ስስ ቅጠሎች) ቁጠር። የመጀመሪያው ብርማው 44 የአፐርቸር ምላጩ 13 ነው፣ 44-2 8፣ 44ኤም-4 ደግሞ 6። ቀለበቱ የሚለውና ምላጩ የሚለው ካልተስማሙ ምላጩን እመን። እሱን ለመቀየር ሌንሱን እስከ ሆዱ መፍታት ያስፈልጋል፤ ለማጭበርበር ብሎ ያን ያህል የሚለፋ የለም። ቀለበቱ ጠርዝ ላይ የካቻቢቴ ወይም የመቀስ ጫፍ የቧጨረው ምልክት ካየህም አንድ ሰው ከፍቶት ያውቃል ማለት ነው።

2. ቪቪታር። ይሄኛው ደስ ይላል። ቪቪታር የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው ለሌሎች እያሠራ በስሙ ይሸጥ ነበር፤ ማን እንደሠራው ቁጥሩ ላይ አለ። የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ሠሪው ናቸው፦ 22 ኪኖ (በኋላ ኪሮን በሚለው ስም የሸጠው)፣ 28 ኮሚኔ፣ 37 ቶኪና። ሦስተኛው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው፣ አራተኛውና አምስተኛው ሳምንቱ። 28512 ብሎ ከጀመረ ኮሚኔ በ5 በሚያልቅ ዓመት፣ በ12ኛው ሳምንት ሠርቶታል። ለሳምንቱ ከ53 የሚበልጥ ቁጥር ከወጣህ አነባበብህ ተሳስቷል፤ ምናልባት የሠሪው ኮድ ባለ አንድ አሃዝ ነው። ለምሳሌ ኮሲና 9 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ወደፊት ይመጣል።

አስርቱ አይጻፍም። 5 ማለት 1975 ነው ወይስ 1985? እዚህ ላይ የሚያድንህ ማውንቱ (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት ክፍል) ነው። የፔንታክስ ኬ ማውንት የወጣው በ1975 ስለሆነ፣ በኬ ማውንት የተሠራና ሦስተኛው አሃዙ 3 የሆነ ቪቪታር የ1973 ሊሆን አይችልም፤ 1983 ነው። የቪቪታር ቲኤክስ የሚባሉት ግን ማውንታቸው ተፈትቶ በሌላ ስለሚቀየር በዚህ መንገድ አይያዙም። ሲሪስ 1 የሚባለው 70-210 ካለህ ደግሞ ኮዱ ከዓመቱ በላይ ይጠቅምሃል፤ የመጀመሪያውን ኪኖ፣ ሁለተኛውን ቶኪና፣ ሦስተኛውን ኮሚኔ ነው የሠሩት። በስም አንድ ይሁኑ እንጂ ሦስቱም የተለያዩ ሌንሶች ናቸው።

3. ካኖን። ረጅሙን ሴሪያል ቁጥር ለጊዜው እርሳው። ሌንሱን ከካሜራው ፍታና ከኋላ፣ ጥቁሩ አካል ላይ በባትሪ አጥብቀህ ተመልከት። በደቃቅ ጽሑፍ የታተሙ ሁለት ፊደልና አራት አሃዝ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ፊደል ፋብሪካው ነው፦ ዩ ኡትሱኖሚያ፣ ኤፍ ፉኩሺማ፣ ኦ ኦይታ። ሁለተኛው ፊደል ዓመቱ ነው፤ ኤ 1960 ብሎ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ፊደል እየሄደ ዜድ 1985 ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ኤ እንደገና 1986 ይሆንና ሁለተኛው ዙር 2011 ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ወሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለፋብሪካው ለራሱ የውስጥ ኮድ ናቸው። አዳዲሶቹ ሌንሶች ላይ ይህ ኮድ ቀርቷል።

እንግዲህ አንድ ፊደል ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ኤም 1972ም ነው፣ 1998ም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መደርደሪያ ጀርባ ከቆመ ምን እንደሚደርስብህ ልንገርህ።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ አንድ ሱቅ፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ የካኖን ኢኤፍ ዙም ሌንስ ልሸጥ ይዤ ሄድኩ። ኮዱ ዩ፣ ኤም፣ 0503 ነው፤ የሜይ 1998 ሥራ፣ መስታወቱ ጥርት ያለ። ግምት የሚሰጠው ልጅ ቀና ብሎም ሳያየኝ ሌንሱን ገለበጠና ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የተለበጠች ወረቀት በጣቱ እየተከተለ «1972» አለ። «በዚህ ዕድሜ በዕቃ መለዋወጫ ሂሳብ ነው የምንወስደው።»

«ወንድሜ፣ ይሄ አውቶፎከስ ነው እኮ፣ ውስጡ ሞተር አለ» አልኩት። «ኢኤፍ ማውንት ራሱ የወጣው በ1987 ነው። ያኔ በ72 የነበረው የካኖን ማውንት ኤፍዲ ነው፣ እሱም በእጅ የሚዞር።»

«ወረቀቱ ኤም 1972 ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው የያዘው። ከዜድ በኋላ ተመልሶ ከኤ ይጀምራል።»

«ጌታው፣ እኛ በቀን ስንት ሌንስ ነው የምናየው» አለና ትንሽ ጨርቅ አልኮል ነክሮ «እስቲ በደንብ ይነበብ» ብሎ ጀርባውን ፈትጎት እርፍ። ኮዱ የተቀረጸ መስሎት ነው፤ በቀለም የታተመ ነው። ኤሙ ግማሹ ጨርቁ ላይ ቀረ፣ 05 ጭጋግ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ኃላፊያቸው ተጠርቶ መጣና ይቅርታ እንኳ ሳይለኝ «ኮድ የሌንሱ ሥራ ላይ ለውጥ አያመጣም» አለኝ። ሌንሴን አንስቼ ወጣሁ።

ለውጥ እንደሚያመጣ ግን ከዚያ በኋላ በደንብ ታየ። ልገዛህ ያለኝ ሁሉ ጀርባውን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል፤ «ኮዱን ማን ፋቀው? የተሰረቀ ነው እንዴ?» የሚለኝ መጣ። ደግነቱ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ጀርባውን አቅርቤ ፎቶ አንስቼው ነበር፣ ሴሪያል ቁጥሩም ከነአካሉ በሌላ ፎቶ አለ። ሁለቱን አስተያይቼ እያሳየሁ ነው በስንት ልመና የሸጥኩት፤ ዋጋው ግን ወርዶ። አንተም ካኖን ካለህ ዛሬውኑ ጀርባውን ፎቶ አንሳ። አልኮል እንዳታስጠጋበት፤ ጠጋኝ ቤት ስትሰጠውም ንገራቸው። ብናኝ ከሆነ በብሩሽና በአየር ይወጣል።

ኒኮን ላይ የዓመት ኮድ ፈልገህ አትድከም፣ የለም። ኒኮን ለየሌንሱ ዓይነት የራሱ መነሻ ቁጥር ነው ያለው፤ የ105 ሚሜው ቁጥር ስለ 50 ሚሜው ምንም አይነግርህም። አፍቃሪዎቹ የትኛው ዓይነት ከስንት እስከ ስንት እንደተቆጠረ በየሌንሱ አሰባስበው ሰንጠረዥ ሠርተውለታል፣ ለኒኮን የሚያዋጣው እሱ ነው። ለምሳሌ 105 ሚሜ ኤፍ 2.5 የመስታወት አደራደሩ በ1971 ተለውጧል፤ ከሁለቱ የትኛው እንዳለህ በቁጥሩ ትለያለህ። አካሉም ይናገራል። አፐርቸር ቀለበቱ ላይ ከትልልቆቹ ቁጥሮች ሌላ ደቃቅ ሁለተኛ ረድፍ ካለ ኒኮን ኤአይ የሚለው ሥሪት ነው፣ ኤአይ የመጣው በ1977 ነው። ደስ ብሎህ «እንግዲያው ከ77 ወዲህ ነው» እንዳትል ግን! ኒኮን ራሱ የቀድሞዎቹን ሌንሶች ቀለበት በኤአይ ቀለበት ይቀይር ነበር። በ60ዎቹ የተሠራ ሌንስ የ77 ቀለበት አድርጎ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ከቀለበቱ ይልቅ ቁጥሩን እመን። ከሄሊዮሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ በል፤ እኔንም መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ታኩማር (የፔንታክስ ሌንስ ነው) ላይ ስሙን አንብብ። ሱፐር ታኩማር የ60ዎቹ ነው፤ ሱፐር መልቲ ኮትድ ታኩማር 1971 ላይ መጣ፤ ከዚያ ኤስኤምሲ ታኩማር የሚለው፣ ቀለበቱ ጎማ የለበሰው። 50 ሚሜ ኤፍ 1.4 ካለህና መስታወቱ ሻይ የፈሰሰበት ከመሰለ ያ የእርጅና ወይም የሻጋታ አይደለም። መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለ፣ ጨረሩ ነው ቀስ በቀስ የሚያቢጨው። የመጀመሪያው ባለ 8 መስታወት ሥሪት ቶሪየም የለውም፣ ባለ 7ቱ አለው። ስለዚህ ቢጫነቱ ራሱ የትኛው ሥሪት እንደሆነ ይጠቁምሃል፣ ብዙ ሰው ግን ሻጩን ይሰድብበታል።

ላይካ ካለህ (ካለህ ቀናሁ) የዓመት ሰንጠረዡ ይገኛል። ነገር ግን ላይካ ቁጥሮችን በጥቅል አስቀድሞ ነው የሚመድበው፤ ሰንጠረዡ የሚሰጥህ ቁጥሩ የተመደበበትን ዓመት ነው፣ ሌንሱ የተሠራው ከዚያ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ወዲህና ወዲያ ብሎ ሻጭ ቢከራከርህ አትጣላው። የየና ዛይስ (የጀርመን ሌንስ) ላይ ደግሞ ቀዩዋን የቲ ፊደል ፈልጋት፤ ኮቲንግ (መስታወቱ ላይ የሚቀባው ስስ ሽፋን) ገና አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ የተቀባ መሆኑን ለማሳየት ያደረጉባት ናት።

ድረ ገጽ ላልከው፦ ለካኖን ኮድ የሚያሰሉ አሉ፣ ግን ደግ የሆነው ሁለቱንም ዓመት ይሰጥህና ምረጥ ይልሃል፣ ያልሆነው አንዱን ብቻ አውጥቶ ያሳስትሃል። ለቪቪታርና ለሄሊዮስ ከላይ የጻፍኩልህ ይበቃል፣ ማስያም አያስፈልግህም።

አሁን ፎቶ ለጥፍልን። የእያንዳንዱን ሌንስ ፊት፣ ጎንና ጀርባ፣ ማውንቱ በደንብ እንዲታይ፣ አፐርቸሩንም ትንሽ ዝጋውና ምላጩ ይቆጠር። ሙሉ ሴሪያል ቁጥር ግን አደባባይ ላይ አታውጣ፤ የሌላ ሰው ሌንስ የራሱ አስመስሎ የሚሸጥ ሞልቷል። ለሄሊዮስ የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ፣ ለቪቪታር አምስት ይበቃናል። ለኒኮን የመጨረሻ ሦስቱን ሸፍነህ ቀሪውን አሳየን፤ ለካኖን የጀርባውን ኮድ እንዳለ ለጥፈው፣ በአንድ ወር የተሠሩ ብዙ ሌንሶች ስለሚጋሩት ችግር የለውም።