ጠይቁን፦ ሰጋቱራ መምጠጫ ሲገዙ የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አይዩ

በዚህ ዕትም ከደረሱን የእንጨት ሥራ ጥያቄዎች ስለ ሰጋቱራና አቧራ መምጠጫ የሚያነሱትን ለይተን መልሰናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 6 በ8 ሜትር የሆነች የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ያሉኝ ማሽኖች ሰርኩላር (ባለ ጠረጴዛ ክብ መጋዝ)፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚልግ መላጊያ እና የእጅ ሳንደር (በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ) ናቸው። አብዛኛው ሥራዬ የኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ማጣበቂያ የተጨመቀ ጣውላ) የኪችን ካቢኔት ነው፤ አልፎ አልፎ የዋንዛ በርና አልጋም እሠራለሁ። ሱቅ ስሄድ ሁለት መምጠጫ አሳዩኝ፤ አንዱ ባለ 1፣ ሌላው ባለ 2 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለቱም ባለ አንድ ከረጢት። ካርቶናቸው ላይ የትንሹ 900፣ የትልቁ 2,000 ሜትር ኩብ በሰዓት ይላል። መብራቴ ሲንግል ፌዝ ነው። ትንሹ አይበቃኝም? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይበቃዎትም፤ ትልቁን ይግዙ። ሆኖም የትልቁንም ቁጥር እንዳለ አይመኑት። ካርቶን ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ሳይገጠምለት፣ ከረጢቱም ገና ንጹሕ ሳለ የተለካ ነው። ቱቦና ማሽን ከተገጠመ በኋላ የዚያን ግማሽ ካገኙ ደህና ነው።

ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ሳይወድቅ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። ለዚህም 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ አየር ማለፍ ይኖርበታል። ቱቦው 125 ሚሊ ሜትር ከሆነ 880፣ 150 ከሆነ ደግሞ 1,270 ያስፈልጋል። ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱ በሥራ ላይ 450 ሜትር ኩብ ቢሰጥዎት፣ በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ፍጥነቱ 16 ሜትር ብቻ ነው። ደቃቁን ይወስዳል፤ የመላጊያውን ፍቅፋቂ ግን መንገድ ላይ እየጣለ ቱቦውን ይደፍነዋል። ባለ 2ቱ 1,000 ሜትር ኩብ ቢሰጥ በ125 ሚሊ ሜትር ቱቦ 22 ሜትር ከምናምን ይሮጣል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚልግ ማሽን የሚፈልገውም ከ800 እስከ 1,000 ስለሆነ ልክ ይመጣል።

እዚህ ላይ ከፍታውንም ያስቡ፤ ሻጮች ሲያነሱት አይሰማም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተማ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ብዙም አይለወጥም፤ የሳሳ አየር ግን ሰጋቱራ የመሸከም አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ 20 ሜትር የሚለውን ወደ 23 ሜትር ከፍ አድርገው ያስሉ። የከረጢት መደፈንም እዚህ ይብሳል፤ ፋኑ የሚፈጥረው ግፊት ሲቀንስ ጨርቁ ለአየሩ የሚሰጠው መቋቋም አብሮ አይቀንስምና። በዚህ ምክንያት ከሞተሩ ይልቅ ማጣሪያው ላይ ገንዘብ ቢጨምሩ እንመርጣለን።

ማጣሪያው የጥያቄው ዋና ጉዳይ ነው። ወለል ላይ የሚታየው ሰጋቱራ ይጠረጋል፤ ሳንባ የሚገባው ግን ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር ነው የሚያያዘው። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ማጣበቂያ አብሮት አለ። ከርካሽ መምጠጫ ጋር የሚመጣው 30 ማይክሮን ከረጢት ይህን ብናኝ አየር ላይ መልሶ ይረጨዋል። እንዲህ ያለው መምጠጫ ወለሉን ቢያጸዳም ሠራተኛውን አያድንም። ባለ 1 ማይክሮን ከረጢት ወይም የታጠፈ ወረቀት መሰል ማጣሪያ ያለውን ይጠይቁ። የታጠፈው የሚሻለው ስፋት ስላለው ነው፦ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድና 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከረጢት ጎኑ 1.26 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያው ቦታ የሚቀመጥ የታጠፈ ማጣሪያ የዚህን ብዙ እጥፍ ይይዛል። አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍበት ቶሎ አይደፈንም።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ። በብርድ አገር የተጣራውን አየር ወደ ቤት የሚመልሱት ማሞቂያው እንዳይባክንባቸው ነው። እኛ የምናሞቀው ቤት ስለሌለን መምጠጫውን ከነከረጢቱ ከቤት ውጭ፣ ጣሪያ ሥር ማቆም ይችላሉ። ብናኙም ጩኸቱም አብሮ ይወጣል። ጎረቤት ቅርብ ከሆነ ጥሩው ማጣሪያ ያው ያስፈልጋል። የሚወጣውን አየር የሚተካ መግቢያም ይተዉ፤ በርና መስኮት ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ መሳቡ ይዳከማል።

መብራቱን በተመለከተ፦ ባለ 2 ፈረስ ጉልበቱ፣ ማለትም 1.5 ኪሎዋት ሲንግል ፌዝ ሞተር ሲሠራ ከ9 እስከ 10 አምፔር፣ ሲነሣ ደግሞ የዚያን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ለቅጽበት ይስባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የራሱ መስመርና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው፤ በረጅም ማራዘሚያ አያስነሡት። መምጠጫውን ቀድመው ያስነሡ፤ ፍጥነቱን ሲይዝ ሰርኩላሩን።

ከገጠሙ በኋላ ሲመሽ መብራት አጥፍተው ይፈትኑት። አንድ ሰው ኤምዲኤፍ ሲቆርጥ ከማዶ በኩል ባትሪ ወደ እርስዎ ይብራ፤ ብርሃኑ በቀጥታ ዓይንዎን እንዳይመታው በትንሽ ካርቶን ይከልሉት። ቀን የማይታየው ብናኝ በጨረሩ ውስጥ እንደ ጭስ ሲንሳፈፍ ያዩታል፤ ከየት እንደሚያመልጥም ይለያሉ። ሰርኩላር ላይ አብዛኛው የሚወጣው ከጠረጴዛው በላይ፣ ከምላጩ ጥርስ ነው። ከሥር ብቻ መሳብ ስለማይበቃ የምላጩ መከለያ ላይም ሁለተኛ ቀጭን ቱቦ ያስገጥሙ።

ጥያቄ፦ ባለ 2.2 ኪሎዋት፣ ባለ ሁለት ከረጢት፣ ስሪ ፌዝ መምጠጫ ገዝተን በ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ለአራት ማሽን አዳረስነው። አጠገቡ ያለው ማሽን ላይ ይስባል፤ 14 ሜትር ርቆ ጫፍ ላይ ያለው መላጊያ ግን ፍቅፋቂው እግሩ ሥር ይከመራል። ወደ አዲሱ ቤት ከተዛወርን ወዲህ ደግሞ ሁሉም ላይ ደከመ። ሞተሩ ሞቶ ይሆን? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ከተዛወራችሁ ወዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሞተሩ አዟዟር ነው። ስሪ ፌዝ ሲቀጠል ሁለት ፌዝ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ ኋላ የሚዞር ፋን አየሩን የሚተፋ ስለሚመስለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ፋን ወደየትም ቢዞር ይስባል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን በጣም ደካማ ነው። አጥፉትና ሊቆም ሲል ከሞተሩ ጀርባ ባለው ወንፊት በኩል የማቀዝቀዣውን ፋን አዟዟር ተመልከቱ፤ ሞተሩ ላይ ካለው ቀስት ጋር ካልገጠመ ኤሌክትሪሺያኑ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለት ሽቦ ያቀያይር። ይህ ብቻ ችግሩን ሊፈታው ይችላል።

የመላጊያው ችግር ግን ከቱቦው ነው። የፍሳሽ ኤልቦ ጥምዝ ስለሆነ አየሩን ያንቃል፤ በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ፋንታ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ፣ መሐላቸው አጭር ቀጥ ያለ ቱቦ ያለበት ግጠሙ። ቅርንጫፍ የሚወጣበትንም ከቲ ወደ ዋይ ቀይሩት፤ ዋዩ አየሩ ወደሚሄድበት ያዘነብል። ሽቦ ያለበት ተጣጣፊ ቱቦ ውስጡ ሸንተረር ስለሆነ ከቀጥ ቱቦ ሁለትና ሦስት እጥፍ አየር ያግዳል። ከ1 ሜትር ብዙም አታስረዝሙት።

ቱቦውን ወደ 160 ብናሰፋውስ ትሉ ይሆናል። አንድ ማሽን ብቻ ከፍታችሁ፣ የማሽኑም አፍ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 650 ሜትር ኩብ አየር በ160 ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 9 ሜትር ብቻ ይሮጣል። ፍቅፋቂው ቱቦው ወለል ላይ ይተኛና በሳምንት ይደፈናል። የሚሻለው መምጠጫውን ራሱን ማንቀሳቀስ ነው፦ ብዙ የሚበላው መላጊያው ስለሆነ መምጠጫው ከእሱ አጠገብ ይቁም። ሰርኩላሩና ባንድ ሶው (ባለ ቀበቶ መጋዝ) ርቀቱን ይችሉታል።

የማትጠቀሙበትን ማሽን ቱቦ የሚዘጋው ተንሸራታች በር ላይም አንድ ነገር እዩ። ጎድጎዱ ውስጥ ሰጋቱራ ይጠቀጠቅና በሩ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሦስት እንዲህ ያለ በር ተደምሮ ብዙ አየር ያስገባል። የጎድጎዱን ጫፍ ክፍት አድርጋችሁ ብትሠሩት በሩ ሲገባ ሰጋቱራውን ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። መገጣጠሚያዎቹን በኮላ አታጣብቁ፤ ሲደፈን መፍታት ይኖርባችኋልና በቴፕ ይበቃል። የተጣጣፊውን ቱቦ ሽቦ ጫፍ ልጣችሁ ከማሽኑ ብረት ጋር እሰሩት፤ ፒቪሲ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን እንዳይነዝረው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለታናሽ ወንድሜ እዚህ የተገዛ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ መምጠጫ በኮንቴይነር ልልክለት አስቤያለሁ። ትራንስፎርመር ከተገዛለት ይሠራል?

መልስ፦ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3,450 የሚዞር ሞተር በ50 ኸርዝ ወደ 2,875 ይወርዳል። የሚስበው አየር በ17 በመቶ ይቀንሳል፣ ግፊቱም ከነበረው ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ ላይ 115/230 የሚል ካለ ያለ ትራንስፎርመር በ220 ሊቀጠል ይችላል፤ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሌለበት ግን መሞቁ አይቀርም። ማሽኑን እዚሁ ይግዛ፤ እርስዎ የታጠፈውን ማጣሪያ ይላኩለት። ቀላል ነው፣ ጥቅሙም የበለጠ ነው። አስቀድሞ የከረጢቱን መቀመጫ ወርድ በሚሊ ሜትር ለክቶ ይላክልዎት። አሜሪካ ውስጥ ካርቶን ላይ የሚያዩትን ሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) በ1.7 ቢያባዙት ሜትር ኩብ በሰዓት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእጅ ሳንደሬን ከትልቁ መምጠጫ ጋር ባገናኘው አይስብም፤ በቤት ቫኪዩም ክሊነር ስሞክር ደግሞ አንዱ ተቃጠለብኝ። ምን ልግጠምለት? — ከአዳማ

መልስ፦ ትልቁ መምጠጫ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት ስለሚስብ በሳንደር ጠባብ ቱቦ አየሩን ማሳለፍ አይሆንለትም። ቫኪዩም ተቃራኒው ነው። ግፊቱ ከፍተኛ፣ አየሩ ግን በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ ለሳንደርና ለራውተር (የእንጨት ጠርዝ መቅረጫ) ይሆናል፤ መላጊያ ላይ አይሞከርም።

የቤቱ ቫኪዩም የተቃጠለው ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚስበው አየር ስለሆነ ነው፤ ደቃቅ ብናኝ ማጣሪያውን ሲደፍነው ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል። ለሞተሩ የተለየ የማቀዝቀዣ አየር ያለውን፣ ለሥራ ቦታ የተሠራውን ይግዙ። የማጣሪያ ደረጃው ኤም ክላስ የሚለው ከሚደርስበት ብናኝ ከ0.1 በመቶ በላይ አያሳልፍም፤ ኤል ክላስ እስከ 1 በመቶ ያሳልፋል። ለኤምዲኤፍና ለዋንዛ ኤም ይሁን። ከቫኪዩሙ በፊት ትንሽ ሳይክሎን (አየሩን አሽከርክሮ ብናኙን የሚጥል ዕቃ) የተገጠመበት ክዳናም በርሜል ቢያስገቡ አብዛኛው ብናኝ እዚያ ይቀራል። የበርሜሉ ክዳን በስፖንጅ ጥብቅ ተደርጎ መታሸግ አለበት፤ በቀጭን ቀዳዳ አየር ከገባ የወደቀውን መልሶ ያነሣና በሙሉ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። የብርጭቆ ወረቀቱ ቀዳዳዎች ከሳንደሩ ቀዳዳዎች ጋር መግጠማቸውን ደግሞ በየቅያሪው ይዩ፤ ካልገጠሙ የትኛውም ማሽን አያድነውም።

ጥያቄ፦ በአንድ ቤት እንጨትም ብረትም እንሠራለን። የግራይንደሩን ብናኝ በዚያው መምጠጫ ብንስበውስ? የተጠራቀመውን ሰጋቱራስ ለዶሮ እርባታ መሸጥ ይቻላል? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የግራይንደር ብናኝ በፍጹም እንዳይገባ። አንድ የብረት ፍንጣሪ ሰጋቱራ ከረጢት ውስጥ ከገባ ወዲያው ላይነድ ይችላል፤ ለሰዓታት ሲጨስ ይቆይና ቤቱ ተዘግቶ ሰው ከሄደ በኋላ ይነሣል። ምስማር ያለበት አሮጌ ጣውላም ተመሳሳይ አደጋ አለው፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ምስማሩን ንቀሉ። ብረት በምትቆርጡበት ሰዓት መምጠጫው ይጥፋ፤ ከረጢቱ በየቀኑ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ተራግፎ ሰጋቱራው ከቤት ውጭ ይደር። የሚያራግፈው ሰው አፍንጫው ላይ በደንብ የሚገጥም ኤፍኤፍፒ2 ማስክ ያድርግ።

ለዶሮ የሚሸጠው ከማንኛውም ኬሚካል ነጻ የሆነ፣ ደረቅ የጣውላ ፍቅፋቂ ብቻ ነው። ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ቀለም የተቀባና ኬሚካል የተነከረ እንጨት የሚቆረጥበት ቀን ከረጢቱን ለዩት። ያ ሰጋቱራ ለዶሮ አይሰጥም፤ ለምድጃም አይሸጥም።