ቪ8 የሚያስነዳው የትኛው ትምህርት ነው?

ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በአውቶቡስ ቦሌ ስትመላለሺ የምታዪውን ዘርዝረሻል። ማታ መብራት የሚታየው ሦስት አራት መስኮቱ ላይ ብቻ የሆነ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማ። ዋጋ ሳይጠይቁ የሚያዙ ልጆች። ሾፌር በር ከፍቶለት ከቪ8 የሚወርድ የአንቺ እኩያ። የሰፈራችሁ ልጅ ደግሞ ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ፣ በድለላ መኪና ገዝቷል። ጥያቄሽ ሁለት ነው፦ ትምህርቱን ትቼ ድለላ ልግባ? ሥራ ስፈልግስ ሩቅ እንደምኖር ልደብቅ?

ስለ ጨለማዎቹ መስኮቶች የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። ሌላው ሕንጻውን አድንቆ ያልፋል፤ አንቺ መብራቱን ቆጥረሻል። ያ ቤት ለመኖሪያ ሳይሆን ለገንዘብ ማስቀመጫ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። ብር ሲረክስ ሰው ወደ ቤትና ወደ መሬት ይሸሻል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ይኼ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከአውቶቡሱ መስኮት የምታዪው በአብዛኛው ንብረት እንጂ ደመወዝ አይደለም። ውርስ አለበት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ አለበት፣ ንግድ አለበት፣ የባንክ ዕዳም አለበት። ቪ8ቱም የመሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ራቅ ሳትዪ የራስሽን ብሎክ እዪ። አንዱ ጎረቤት የ20/80 ዕጣ ወጥቶለት ገባ፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ተከራይቶ ይኖራል። ሁለቱም አንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ደመወዝ ቢሠሩ እንኳ ኑሯቸው አይገናኝም። በሰው ንብረት ተመርተሽ ሙያ አትምረጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ድለላን አልንቅም። ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በተለምዶ የሽያጩ 2 በመቶ ይባላል፤ አንድ ቤት ከተሸጠ የብዙ ወር ደመወዝ ያስንቃል። ግን ልጁን ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ባዶ ወሮቹ ጠይቂው። ስንቴ ገዢና ሻጭ ከጀርባው ተስማምተው ኮሚሽኑን በሉበት? ለካርድና ለታክሲ ምን ያህል አወጣ? መልሱ ካላስደነገጠሽ ቅዳሜና እሁድ ሞክሪው። ትምህርቱን ግን እንዳትነኪው።

ምክንያቱም ያ ሁሉ ሱቅና ሕንጻ ሒሳቡን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ደረሰኙን በፌስታል ታቅፎ ሒሳብ ሠሪ ፍለጋ ይራወጣል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ ማዘጋጀት አለባቸው። ጥር 2017 የተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም፣ አክሲዮን የሚገበያዩበት ማለት ነው፣ ኦዲት ያልተደረገ ኩባንያ አያስገባም። ዴቢትና ክሬዲት ብቻ ይዞ መመረቅ ግን አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው ሲቪ ተቆልሎ ነው ያለው። ኤክሴልና ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ እጅሽን አፍቺ። የቫትና የሥራ ግብር ማሳወቂያ መሙላት ልመጂ። በዚህ ክረምት አንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ገብተሽ፣ በነፃም ቢሆን ደረሰኝ ልለይላችሁ በያቸው። ሐምሌ ላይ እምቢ የሚልሽ ይኖራል ብዬ አላስብም። ደግሞ የማን ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ይልቅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚታየው።

አድራሻሽን አትደብቂ። በሁለተኛው ሳምንት ይታወቅብሻል። ቀጣሪ «ሩቅ ነው፣ ታረፍጃለሽ» ቢል ስጋቱ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት በሥራ መግቢያ ሰዓት አንዴ ሂጂበትና ስንት እንደሚፈጅ እወቂ። ሲጠይቁሽ በስንት ሰዓት እንደምትነሺና በምን እንደምትመጪ ቁርጡን ንገሪያቸው። ሰርቪስ እንዳላቸውም ጠይቂ፤ አያሳፍርም።

የሚነገርሽ ደመወዝ ያልተጣራ መሆኑንም ያዢ። 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ ግብር ይቆረጣል፣ ከቀረው ላይ ትራንስፖርትሽን ቀንሺ። ይኼን ስታሰዪ ቦሌ ያለው «ደህና» ደመወዝ ቂሊንጦ ወይም አቃቂ ካለው ፋብሪካ ሊያንስብሽ ይችላል። እነሱም ሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ ለአንቺም ይቀርባሉ። ማመልከቻሽን እዚያም አስገቢ።