ከልብ ወለድ፣ ከግለ ታሪክና ከግጥም ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ንባብ ልመለስ አስቤአለሁና በቅርቡ ካነበባችኋቸው መጻሕፍት የትኞቹን ትመርጡልኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ይጀምሩ፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ገብቶ በፊያሜታ ፍቅር ሲያዝ፣ የተሰጠው ተልእኮና የገዛ ልቡ ጥርጣሬ ሲፋለሙ ስለሚያዩ መጽሐፉን ከእጅዎ ማኖር ይቸግርዎታል። ከግለ ታሪክ፣ በልጅነታቸው ሩስያ ሄደው የተማሩትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉትን «ኦቶባዮግራፊ» እንመርጥልዎታለን፤ የአማርኛው ለዛ ብቻውን ያስነብባል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ግን በአንድ ቁጭታ የሚጨረስ አይደለም፤ ስንኞቹ ረጃጅምና የታመቁ ስለሆኑ፣ በቀን አንድ ግጥም ብቻ፣ ያውም ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ።