እጅን በሐሳብ ማለማመድ፦ ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ጣቶቹ አይታዘዙለትም። ፊዚዮቴራፒስቷ «ዓይንህን ጨፍነህ ስኒ ስታነሳ አስብ» አለችው። የምር ነው ወይስ ለማጽናናት?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ እኔም ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አዎ፣ የምር ነው። አንድን እንቅስቃሴ አጥብቀን ስናስብ እሱን የሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎች ትንሿን ጣት ወደ ጎን መግፋትን ለአራት ሳምንት በሐሳብ ብቻ ተለማመዱ። የጣቷ ጉልበት 22 በመቶ ጨመረ። በእውን የገፉት 30 በመቶ ጨመሩ። ግን የእነዚያ ሰዎች ሕብለ ሰረሰር (ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው፣ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ አካል የሚያወርደው የነርቭ ገመድ) ደህና ነበር። የወንድምሽ ትእዛዝ ከአንጎል ይነሳል፣ መንገዱ ላይ ነው የሚቀረው። ያንኑ ቁጥር ከሱ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ የኔን ጉዳት «ሙሉ» ነው ብለውኛል። የእጄን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት እችላለሁ፣ ጣቶቼ ግን ምንም። ማሰቡ ለኔ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ «ሙሉ» ማለት ከጉዳቱ በታች ትእዛዝም ስሜትም አያልፍም ማለት ነው። የተቆረጠ ነርቭ በሐሳብ አይቀጠልም። ይቀጠላል የሚልህ ካለ ኪስህን ጠብቅ። አንተ ግን ትልቅ ነገር አለህ። አንጓህን ስታነሳ ጅማቶቹ ይወጠሩና ጣቶችህ በራሳቸው እጥፍ ይላሉ። በዚህ ማንኪያ ወይም ስልክ መያዝ ይቻላል። ለአንጎልህ ግን አዲስ አያያዝ ነው፤ ድሮ በጣት ትይዝ ነበር፣ አሁን በአንጓ ልትይዝ ነው። የሐሳብ ልምምድ እዚህ ላይ ነው የሚያግዘው። ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ያሉ ተመራማሪዎች እንዳንተ ዓይነት ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ሞክረውት ጥሩ ለውጥ አይተዋል። የተሳተፉት ሰዎች ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። የልጄ ጣቶች እየታጠፉ ነው። ወጌሻ አሽቶ ቢዘረጋቸውስ?

መልስ፦ እባክዎ እናቴ፣ ይቆዩ። አንጓው ወደ ላይ ተነስቶ ጣቶቹም አብረው ቀጥ ብለው ከተወጠሩ ጅማቱ ይላላል፤ ከላይ ያልኩት አያያዝም ይበላሻል። ጣቱን ሲዘረጉ አንጓው ወደ ታች ይታጠፍ። መጀመሪያ ግን ፊዚዮቴራፒስት ያሳይዎት።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚሠራው? ሳስብ ራሴን እንደ ፊልም ነው የማየው።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ከውጭ ቆመሽ ራስሽን አትመልከቺ፤ ከውስጥ ሆነሽ ይሰማሽ። የስኒው ሙቀት፣ ክብደቱ፣ አንጓሽ ሲነሳ ክንድሽ ላይ ያለው መወጠር። እጅሽን ስኒ እንደምታነሺ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። አትቸኩይ፤ በእውን የሚወስደውን ያህል ጊዜ ይውሰድ። ጥቂትም ብትሆን እንቅስቃሴ ካለሽ አንዴ በእውን ሞክሪ፣ ጥቂት ጊዜ በሐሳብ ድገሚ፣ እንደገና በእውን ሞክሪ። በሐሳብ ብቻ መቅረት ስንፍና ነው እላለሁ፣ አትቀየሚኝ። ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሐሳብሽ ወደ ቤት ኪራይ ከሄደ ያን ጊዜ አቁሚ።

ጥያቄ፦ ከተጎዳሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አንጎሌ እጄን አልረሳውም?

መልስ፦ እንደምትፈራው አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ተጎድቶ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ አንድ አሜሪካዊ አለ። አንጎሉ ውስጥ ኤሌክትሮዶች (የአንጎልን ምልክት የሚያነቡ ጥቃቅን መሣሪያዎች) ተተከሉለት። እጁ እንደሚሠራ ቆጥሮ ፊደል ለመጻፍ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ከአንጎሉ እያነበበ በደቂቃ 90 ፊደል ያህል ጻፈ። ውጤቱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። እጁ አልተንቀሳቀሰም፤ የአጻጻፉ ዕቅድ ግን አንጎሉ ውስጥ እንዳለ ነበር።

ጥያቄ፦ ሳስበው ያቃጥለኛል። ልታገሰው?

መልስ፦ አትታገስ፣ አቁም። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከጉዳት በኋላ የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የእግራቸውን እንቅስቃሴ ሲያስቡ ሕመሙ እንደባሰባቸው አሳይቷል። ለሐኪምህ ንገር።

ጥያቄ፦ እኛ ያለንበት ፊዚዮቴራፒስት የለም። ስንት ወር እንሞክር?

መልስ፦ በስልክ ድምፅ ቅዱና የተጎዳው ሰው ያዳምጠው፤ «አንጓህን አንሳ፣ ማንኪያው ከበደህ፣ ወደ አፍህ አቅርብ» እያላችሁ በዝግታ። አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ሥራ በእውን ሲሞክር በቪዲዮ ቅረጹትና አወዳድሩ። ሁለት ሦስቴ ተወዳድሮ ለውጥ ከሌለ ሥራውን ቀይሩ። ከተማ የምትሄዱ ቀን ቪዲዮዎቹን ለባለሙያው አሳዩት።