የሞተው ፍቅረኛ ሲመለስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና እጮኛዬ ሞተው በዘመናት ማዶ ዳግም ተወልደው የሚገናኙ ፍቅረኞች ያሉባቸውን የሕንድ ፊልሞች እናያለን። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ እናቴ «ከሃይማኖታችን ውጪ ነው» ትላለች። ከየትኛው ልጀምር?
(ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ በእኔ ምርጫ ከ«ማድሁማቲ» ጀምሪ። ዳይሬክተሩ ቢማል ሮይ በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። አንድ መሐንዲስ በማዕበል ሌሊት አሮጌ ቤት ይጠለላል፣ የቀድሞ ሕይወቱም ትዝ ይለዋል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አትናቂው። ጨለማው ራሱ ይተውናል።

«ማጋዲራ» (2009 እ.ኤ.አ.) ግን ሌላ ነው። ፈረስ፣ ሰይፍ፣ ጩኸት። ጀግናው የአንዲት ልጅ እጅ ሲነካው ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይደነግጣል፣ ከ400 ዓመት በፊት የነበረችው ልዕልት ነቻ! እዚህ ጋ እኔም ስቄያለሁ፣ እጮኛሽን ተይው።

እናትሽ አልተሳሳቱም። ዳግም መወለድ የሂንዱዎች እምነት ነው። እኛ ወሎ ውስጥ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው የሚጠብቀው ትንሣኤን ነው። እንደ ተረት እንዲያዩት ጋብዣቸው። አቦሉ ሲቀዳ ጀምሩት፣ ረጅም ነው፣ በረካ ወርዶም አያልቅ።